ስንቅ ለኡበይድ የህያ

ሰበታ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2009 ዓ.ም.

ጠይባ፣

ልጄን ቀበራችሁት፤ እኔን ግን "በሕይወት አለ፣ ታስሯል" ብላችሁ እንድፈልገው መንገድ ሰደዳችሁኝ። ከሰላምታ መቅደም ያለበት ይህ ስለሆነ አስቀደምኩት። አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናሽን አልጠይቅም። ሾፌሩ ካሣዬ ጅቡቲ በገባ ቁጥር ምግብ ቤትሽ ስለሚበላ ደህና መሆንሽን ነግሮኛል። ይህንንም የሚያደርስልሽ እሱ ነው። ስልኩ ቢሠራም አልደውልልሽም፤ በስልክ የተባለ ነገር ይካዳል።

የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ፤ የሳትኩት ካለ አርሚኝ።

ኡበይድ መስከረም 25 ቀን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በጥይት ሞተ። በዚያው ዕለት ማታ ማርቆስ መጣ። ማርቆስ ማለት ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየው፣ ከወላይታ መጥቶ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራው ልጅ ነው። "ጋሼ፣ ኡበይድን ከሌሎች ልጆች ጋር በመኪና ሲጭኑት አይቻለሁ። ወደ ዝዋይ እስር ቤት ነው የሚወስዷቸው ይባላል" አለኝ። ሲናገር ወለሉን ነበር የሚያየው። ጸሎት የሚያበዛ ጴንጤ ስለሆነ አይዋሽም ብዬ አመንኩት። ያን ቃል በስልክ ያስጠናሽው አንቺ እንደሆንሽ ያወቅሁት አሁን ነው።

ጎረቤታችን አዴ ገለቴ ደግሞ እስኪነጋ ጭኮ ስትሠራ አደረች። ገብሱን ቆልታ ፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ፣ ለራሷ ልጆች እንደምትለው "ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ኢልመ ኮ" እያለች ታለቅሳለች። "አንቺ ሴትዮ፣ ለታሰረ ሰው አይለቀስም፣ ሟርት ነው" ብዬ ተቆጣኋት። ዝም አለች። ጭኮውን ኡበይድ ተማሪ ሳለ ይይዛት በነበረችው ምሳ ዕቃ ጠቅጥቃ፣ የሞተ ልጅ ስንቅ አስይዛ ሸኘችኝ። ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ፒካፔን አስነስቼ ወጣሁ። ቀትር ላይ ቀበራችሁት።

መርዶ ታላቅ ሳይፈቅድ አይነገርም አላችሁ። ታላቄ አንቺ ነሽ። አንቺ ጅቡቲ ነሽ። ስለዚህ ከአለም ገና እስከ ሰበታ ገበያ ውሃ የሚቀዱ ልጆች ሳይቀሩ ያወቁትን እኔ ሳላውቅ፣ ብቻዬን፣ ሃያ ሦስት ቀን ነዳሁ።

ጥቅምት 18 ንጋት ላይ ስገባ ሽማግሌዎቹ የመኪና መለዋወጫ ሱቄ በር ላይ፣ አሮጌዎቹ ጎማዎች ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ቡራዩ ላይ መኪናዬን ያየ ሰው ቀድሞ ነግሯቸው ኖሯል። "ኦቦ የህያ፣ እስቲ መጀመሪያ አረፍ ይበሉ" አሉኝ። "ተነሱ፤ በሩን ዘግታችሁታል፤ ሱቅ ልከፍት ነው" አልኳቸው። ከፈትኩ። መርዶውን የነገሩኝ ቆሜ የፍሬን ሸራ እየቆጠርኩ ነው።

የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄ ሲሞት አጠገቡ የነበረው ማርቆስ ነው። "ምን አለ?" ስለው፣ "እትዬ ጠይባን ይጠይቁ፤ ቃል አስገብተውኛል" ይለኛል። ልጄ ሲሞት ምን አለ? ጻፊልኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአሰብ መንገድ የጭነት ወረቀትና የኪሎ ሜትር ድንጋይ እያነበብኩ ስለሆነ ነገር ማሳመር አላውቅም። አንቺም አታሳምሪልኝ።

የህያ


ጅቡቲ፣ ኅዳር 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

እጅግ በጣም ሩኅሩኅ፣ እጅግ በጣም አዛኝ በሆነው በአላህ ስም።

ለእናቴ ልጅ፣ ለወንድሜ ለየህያ። አላህ ሶብሩን ይስጥህ፤ ከልጅህ ጋር በጀነት ያገናኝህ፤ ብቻህን የምታድርበትን ቤት እሱ ይጠብቅልህ። እኔ ደህና ነኝ ማለት ካስፈለገ ደህና ነኝ። ደብዳቤህን ካሣዬ ሰጥቶኝ ሦስት ቀን ሳልከፍተው ቆየሁ። ከልጅነትህ ጀምሮ "እታለም" ሳትል ጠርተኸኝ አታውቅም፤ አሁን ስሜን ብቻ ጽፈሃል። ይሁን። ይገባኛል።

ያቺን ረቡዕ ልንገርህ። ለሾፌሮቹ እራት እያቀረብኩ ስልኬ ጮኸ። አዴ ገለቴ ናት። "ጠይባ፣ ኡበይድ የለም" አለችና ማልቀስ ጀመረች። ማርቆስ ተቀበላት። እሱም ያለቅሳል። ከኋላው ደግሞ ተኩስ ይሰማኛል። "እትዬ፣ ለጋሼ ምን እንበላቸው? አሁን ሊመጡ ነው" አለኝ። የህያ፣ የመከርኩት ሰው አልነበረም። የያዝኩትን ሳህን እንኳ ለማስቀመጥ ጊዜ አላገኘሁም። በዓይኔ የመጣው አንተ ነህ። በደርግ ጊዜ ካድሬው አንድ ትርፍ ጎማህን ወረስኩ ቢልህ "ደረሰኝ ስጠኝ" ብለህ ሁለት ቀን ቀበሌ በር ላይ በፀሐይ የቆምክ ሰው ነህ። ውሃ ያመላለስኩልህ እኔ ነኝ። በዚያ ረቡዕ የልጅህን ሞት ብትሰማ፣ ተኩስ ባለበት መንገድ መሐል ቆመህ ደረሰኝ ትጠይቅ ነበር። አንዱን አጥቼ ሁለተኛውን ላለማጣት ነው፤ "ታስሯል በሉት፣ ከከተማው አውጡት" ያልኩት።

ዝዋይ ቅርብ ነው፤ ደርሶ እስኪመለስ ሁለት ቀን ቢሆነው ነው፤ እስከዚያ እኔው መጥቼ፣ እጁን ይዤ፣ በእኛ ወግ መርዶውን አረዳዋለሁ ብዬ ነበር። በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ። ቀጥሎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወጣ። ስልኩ ጠፋ። ድሬዳዋ ድረስ የሚወስደኝ መኪና ሳጣ አንተን መልሼ የምጠራበት መላ አልነበረኝም። ሃያ ሦስት ቀን ትነዳለህ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

የጠየቅኸኝን እነግርሃለሁ። ልጅህ ሸሃዳውን ብሎ ነው ያረፈው። "ላኢላሀ ኢልለላህ" ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚህ በላይ ለአባት ምን አለ? በዚህ ተጽናና።

ለሰደቃ የሚሆን ትንሽ ነገር በካሣዬ እጅ ልኬያለሁ። ያቺን መኪና ሽጣት፤ ከእንግዲህ አትንዳት።

እህትህ ጠይባ


ሰበታ፣ ኅዳር 17 ቀን 2009 ዓ.ም.

ጠይባ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የሰደቃውን ካሣዬ ይመልስልሻል።

ማርቆስን ጠርቼ "ልጄ ሲሞት ሸሃዳ ሲል ሰምተሃል?" አልኩት። "ጋሼ፣ ሸሃዳ ምንድን ነው?" አለኝ። ሁለተኛ ውሸትሽ ነው።

መኪናዋን አልሸጥም። መንገዱን ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽና፣ መንገዱ ምን እንደነበር ስሚ። የቦታዎቹን ስም አልጽፍም፤ ይህ ወረቀት ስንት ኬላ እንደሚያልፍ ታውቂያለሽ። በር ብዬ እቆጥራቸዋለሁ።

ዱከም ላይ የተቃጠሉ መኪናዎች ከመንገዱ ዳር ተገፍተው ነበር፤ ጎማቸው ገና ይሸታል። ኬላው ላይ አንድ ወታደር "ወዴት ነው አባት?" አለኝ። "ልጄን ልፈልግ" አልኩት። የምሳ ዕቃዋን ክዳን ከፍቶ አሸተተና "እለፍ" አለኝ። አንደኛው በር ዝርዝር አነበቡልኝ፤ የለም። ሁለተኛው በር ከደቡብ ነው፤ ሦስት ቀን አስጠበቁኝ፤ የለም። የለም ሲሉኝ አልከፋኝም። የለም ማለት ሌላ በር አለ ማለት ነበር። መኪናዬ ውስጥ ተኛሁ፣ ዳቦና ሻይ በላሁ፣ ጭኮውን አልነካሁትም።

ሦስተኛው በር አዋሽን አልፎ በረሃው ውስጥ ነው። ከግራር ሥር እናቶች ተቀምጠዋል። ዝርዝር የሚያነብ የለም። አንድ ወጣት ዘብ ይመጣል፣ በየስሙ ስንቅ ይቀበላል፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ባዶውን ይመልሳል። ወረቀት ላይ "ስንቅ ለኡበይድ የህያ፣ ሰበታ" ብዬ ጻፍኩ፤ ክዳኑ ላይ ለጥፌ ሰጠሁት። በዘጠኝ ሰዓት ምሳ ዕቃዬ ባዶዋን ተመለሰች። ዳርና ዳሯ በጣት ተጠርጎ ነበር። ኡበይድ ከልጅነቱ ጀምሮ ጭኮ በጣቱ ጠርጎ ነው የሚጨርሰው፤ ታውቂያለሽ።

ያን ማታ የመኪናውን ሬዲዮ ከፍቼ ዘፈን አዳመጥኩ። ሬዲዮ ለዜና ብቻ የምከፍት ሰው ነኝ። አጠገቤ የነበሩት እናቶች "አባባ፣ ምን ተገኘ?" ብለው ሳቁብኝ። "ልጄ በልቷል" አልኳቸው። እነሱም እልል አሉልኝ።

ስድስት ቀን እንዲህ ሆነ። ጭኮው ሲያልቅ ከከተማው ሩዝና ድንች እየገዛሁ አስገባሁ። ስድስቱንም ቀን ባዶዋን ተመለሰች። ሲፈታ የምቆጣውን ቁጣ አዘጋጀሁ፤ ከዚያ ግማሹን ተውኩለት፤ ከዚያ ደግሞ ሁሉንም ተውኩለት። ልጄ ከተቀበረ ሳምንት አልፎት ነበር። ከእናንተ መካከል መቃብሩ ላይ ድንጋይ የሚያስተካክል ነበር፤ እኔ ግን በረሃ ውስጥ ዘፈን እሰማ ነበር።

ሐዘኑን ይቅር ልልሽ እችል ይሆናል። ያን ስድስት ቀን ደስታ ግን አልልሽም።

በሰባተኛው ቀን ከዚያ ተነስቼ ሄድኩ።

ልጄ ሲሞት ምን አለ?

የህያ


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

በአላህ ስም። ለወንድሜ ለየህያ፤ አላህ ልብህን ያርጥብልህ፤ ኡበይድን ይማርልን።

መልሴ የዘገየው ካሣዬ መኪናው ተበላሽቶበት አይደለም። ሁለቴ መጥቶ ሁለቴም "አልጻፍኩም" ብዬ ባዶ እጁን መልሼዋለሁ።

አዎ፣ ዋሸሁህ። ሸሃዳውን ብትሰማ እንቅልፍ ይወስድሃል ብዬ ነው። ልጁ በልቡ ብሏል ብዬ አምናለሁ፤ በልቡ ያለውን ደግሞ ማርቆስ ሊሰማ አይችልም። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ። ማርቆስንም አታስጨንቀው። የሰው ልጅ ነው፣ ሙያተኛ አስተዛዛኝ አይደለም፤ በእጁ ላይ ሰው ሞቶበታል።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ምሳ ዕቃዋ ባዶዋን ትመለስ ከነበረ በሰባተኛው ቀን ለምን ተነስተህ ሄድክ? ልጄ ከዚህ አጥር ውስጥ ነው ብሎ ያመነ አባት፣ ያውም አንተ፣ ከዚያ ግራር ሥር በጅራፍም አትነሳም ነበር። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

ሌላም አለ። ካሣዬ ጥቅምት 13 ቀን ወደ ደብረ ብርሃን ጭነት ይዞ ሲወጣ ለገዳዲ ግድቡ አጠገብ መኪናህን ቆማ አይቷታል። አንተ መሪው ላይ ተደግፈህ ነበር አለኝ። ጡሩምባ ቢነፋልህ ቀና አላልክም። ከለገዳዲ ሰበታ እኮ የሁለት ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። ሰበታ የገባኸው ጥቅምት 18 ነው። እነዚያን አምስት ቀናት የት ነበርክ?

ባቡሩ ተመርቋል ይላሉ፤ ሰው መጫን ግን አልጀመረም። ሲጀምር፣ ጉልበቴ ባይታዘዝም፣ በሰው ትከሻም ቢሆን ተሳፍሬ እመጣለሁ። አትምጪ አትበለኝ።

እህትህ ጠይባ


ሰበታ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2009 ዓ.ም.

ጠይባ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አትምጪ።

ማርቆስ ግቢውን ለቅቋል። በየማለዳው በሩን አንኳኩቼ ያንኑ አንድ ጥያቄ ስጠይቀው ነበር። ባለፈው እሑድ ፍራሹን ተሸክሞ ወጣ። አዴ ገለቴ በአጥር ላይ አይታው፣ "ኦቦ የህያ፣ ይህን ልጅ ደግሞ ወዴት ሊሰዱት ነው?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ።

ማርቆስ ከመሄዱ በፊት ሱቅ ገብቶ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አልጋዬ ሥር ነበር" ብሎ ወጣ። ፈታሁት። የአይሱዙ ክላች ዲስክ ነው፤ አዲስ። አንቺ ዲስክ አታውቂም፤ ይህን ዲስክ ግን የምታውቂው ይመስለኛል። ኡበይድን በዚያ ረቡዕ ከቡራዩ እንዲያመጣ የላክሁት ይህንን ነው።

ጋዜጣው ደርቆ ተጣብቆበታል። በምን እንደተጣበቀ አያለሁ።

ከማን እጅ፣ እንዴት ወደ ማርቆስ አልጋ ሥር እንደገባ ጻፊልኝ። አሁን የምትደብቂው ነገር የለም፤ እቃው እኔ ዘንድ ነው።

የህያ


ጅቡቲ፣ የካቲት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.

በአላህ ስም። ለወንድሜ ለየህያ፤ ይህን ወረቀት ስታነብ አላህ ከአጠገብህ አይለይ። ቆመህ አታንብበው፤ ተቀመጥ።

ዲስኩ ባይወጣ ኖሮ ይዤው እቀበር ነበር። ማርቆስ እንደነገረኝ፣ ሳልጨምርና ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ።

በዚያ ረቡዕ ፋብሪካው ሠራተኛውን ቀድሞ ለቀቀ። ማርቆስ በእግሩ ወደ ሰበታ ሲመጣ አለም ገና ላይ ጎማ ይቃጠላል፣ ሰው ይሮጣል። በጭሱ መሐል ኡበይድን ከሩቅ ለየው። ታክሲ ስላልነበረ ልጁ ከአየር ጤና ጀምሮ በእግሩ ነው የመጣው። አይጮህም፣ ድንጋይ አልያዘም። የያዘውን ነገር ጃኬቱ ውስጥ ከቶ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ፣ የመንገዱን ጠርዝ ጠርዝ ይዞ በፍጥነት ይራመዳል። ማርቆስ ጠራው። ዞር አለ፤ ሳቀለት። ተኩሱ ከየት እንደመጣ ማርቆስ አላየም።

አንድ አጥር ሥር ጎትቶ አስገባው። ኡበይድ መጀመሪያ የጠየቀው ሰዓት ነው። "ስንት ሰዓት ነው?" አለው። ማርቆስ ስልኩን አይቶ፣ "አሥር" አለው። "አሥራ አንድ ነው የተባልኩት" አለ ኡበይድ። ዲስኩን ከጃኬቱ አወጣና እጁ ላይ አስቀመጠለት። "ለአባ ስጥልኝ። አልዘገየሁም በላቸው።"

ከዚህ በኋላ አልተናገረም። ሸሃዳም፣ ሌላም ነገር የለም። "አልዘገየሁም በላቸው" ነው ያለው።

የህያ፣ የሸሸግሁህ መርዶውን ብቻ አይደለም። የልጁን ሞት ብትሰማ ሐዘን ነው፤ ሰው ከሐዘን ይተርፋል። በዚያ ሰዓት እዚያ መንገድ ላይ ያቆመው ምን እንደነበር ብትሰማ ግን አትተርፍም ብዬ ፈራሁ። ማርቆስም ዲስኩን ሊሰጥህ ፈርቶ አልጋው ሥር ደበቀው። ገለቴም ለዚህ ነው ስትቆጣት ዝም ያለችህ። ሁላችንም ያደረግነው አንተን ከአንተ ለማዳን ነበር። ተሳስተን ይሆናል። አላህ ይፍረድ።

የጠየቅኸኝን ሰጥቼሃለሁ። አሁን አንተ ደግሞ የጠየቅሁህን ስጠኝ። በሰባተኛው ቀን ምን ሆነ?

እህትህ ጠይባ


ሰበታ፣ የካቲት 16 ቀን 2009 ዓ.ም.

እታለም፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናሽን ይስጥሽ፤ ጉልበትሽን ያሽርልሽ፤ የሙቀቱን ወራት ያቅልልሽ። ላዘገየሁት ሰላምታ ይህ ይቆጠርልኝ።

ጠየቅሽኝ፤ እመልሳለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ቀረ ከተባለ ወዲህም ተቃውሞው አልቀረም ነበር። በዚያ ረቡዕ ሰፈሩ በሙሉ ሱቅ ዘጋ። እኔ ከፈትኩ። ኡበይድ፣ "አባ፣ እባክዎ እንዝጋ። አብረውኝ ያደጉት ልጆች ምነው እናንተ ብቻ እያሉኝ ነው" አለ። "ደርግም ያዘጋኝ ሱቅ አይደለም" አልኩት። አንድ የሱሉልታ ሰው አይሱዙው በራችን ላይ ስድስት ቀን ቆሞበት ነበር። ረቡዕ በአሥራ አንድ ሰዓት ዲስኩን አስረክባለሁ ብዬ ቃል ሰጥቼዋለሁ። ዲስኩ ያለው ቡራዩ አንድ ነጋዴ ዘንድ ነው። "መንገዱ ዝግ ነው አባ" አለኝ። "እግር አለህ። ለሰው መንገድ አይዘጋም" አልኩት። ሳቀ። "መንግሥት እንኳ ማስተር ፕላኑን ትቶታል፤ አንቱ አንድ የክላች ዲስክ አይተዉም?" አለኝ። እኔ አልሳቅሁም። "አሥራ አንድ ሰዓት። እንዳትዘገይ" አልኩት። ለልጄ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። እሱ መልሱን ልኮልኛል፤ አንቺ አደረስሽው።

ሦስተኛው በር ላይ በሰባተኛው ቀን ዘቡ ምሳ ዕቃዬን መለሰልኝ። ክዳኑን አልከፈትኩም። እጄ ላይ ሲያስቀምጣት ከበደችኝ፤ ያ በቃኝ። በደርግ ጊዜ ከአሰብ ስመለስ እስር ቤት በር ላይ የሚቆሙ እናቶችን አይ ነበር። ስንቁ ከተመለሰ የሚነግራቸው ሰው አያስፈልጋቸውም። ዕቃው ከብዶ ሲመለስ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ይሄዱ ነበር። እኔም ያኔ አወቅሁ። ስድስቱን ቀን በልጄ ስም የበላ፣ ጠያቂ የሌለው የሌላ ሰው ልጅ ነበረ። እሱንም ወስደውታል፤ ወዴት እንደሆነ አላውቅም። አልረገምኩትም። የተመለሰውን ሩዝ እዚያው መኪናዬ ውስጥ ራሴ በላሁት። ዳርና ዳሩን በጣቴ ጠረግሁት።

ቀጥታ ወደ ቤቴ መምጣት ነበረብኝ። አልመጣሁም። ድሮ የጭነት መኪና በነዳሁበት በአሰብ መንገድ ወደ ሚሌ ወጣሁ። ከሚሌ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ ኮምቦልቻ። የአባታችን አገር ሳልወርድ አለፍኩ። አራተኛው በር ደርሼ ከመኪናዬ አልወረድኩም፤ ሞተሩን እንኳ አላጠፋሁም። ስም ብጠይቅ "የለም" ይሉኛል፤ አሁን "የለም" ማለት ሌላ በር አለ ማለት አልነበረም።

ለገዳዲ ላይ ሁለት ቀን ግድቡን እያየሁ ተቀመጥኩ። ካሣዬ ጡሩምባ ሲነፋ ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ዞሬ ሱሉልታ ገባሁ። የባለ አይሱዙውን ቤት አውቀዋለሁ፤ "ልጅህ ተገኘ?" ይለኛል ብዬ በዚያ መንገድ አላለፍኩም። ሁለት ቀን ከአንድ የአህያ መንገድ ዳር አደርኩ። ከዚያ ቡራዩ። ነጋዴው ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ። "ዲስኩን ወስዷል፤ 'ዛሬስ ቆይ' ብለው 'አባቴ ቃል ሰጥተዋል' አለኝ" ብሎ አንገቱን ደፋ። ከተማዋን ዙሪያዋን ዞርኩ እንጂ ወደ ሰበታ የሚያስገባውን መንገድ አልያዝኩም። ሰበታ እስካልገባሁ መርዶው አልተነገረም። ነዳጅ ሲያልቅብኝ ገባሁ።

እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው እታለም። አንቺ ያወጣሽልኝ መንገድ አሥራ ሦስት ቀን ነው፤ እሱ በሦስተኛው በር አለቀ። የቀሩትን አሥር ቀናት መርዶውን ለራሴ ያዘገየሁት እኔ ነኝ። በእነዚያ በአሥራ ሦስቱ እከስሻለሁ። በአሥሩ የሚከሰኝ የለም፤ በረቡዕዋም የሚከሰኝ የለም። ልጄ እንኳ አልከሰሰኝም። ከሁሉ የከፋው እሱ ነው።

ዲስኩን አጥቤ ለባለ አይሱዙው አስረከብኩት፤ በእጄ ገጠምኩለት። ቃል ነበር። መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ማርቆስን አፈላልጌ አግኝቼው ክፍሉ ባዶ ናት አልኩት፤ አልመጣም። ምሳ ዕቃዋን ለአዴ ገለቴ ብሰጣት እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። መደርደሪያ ላይ፣ ከፍሬን ሸራዎቹ አጠገብ ናት። ሱቁን ዛሬም ሁለት ሰዓት ላይ ከፍቻለሁ። ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።

ባቡሩ ሲጀምር ከመጣሽ ቤቱ የአባትሽ ልጅ ቤት ነው፤ አልዘጋብሽም። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሾፌሮቹ፣ ስለ ጉልበትሽ እናወራለን። መቃብሩን አዴ ገለቴ ታሳይሻለች፤ እኔ አብሬሽ አልሄድም። ስለዚህ ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ለአንቺም፣ ለሽማግሌም፣ ለኢማምም አፌን አልከፍትም። በደብዳቤ ብታነሺብኝ ሳልከፍተው በካሣዬ እጅ እመልስልሻለሁ። ሳይከፈት የተመለሰ ዕቃ ክብደቱን ታውቂዋለሽ።

ወንድምሽ የህያ